ለተቃጠለ ቆዳ ምን ይተካ? የራስ ቆዳ፣ የእንግዴ ልጅ ሽፋን፣ የጣና ቆሮሶ እና በላቦራቶሪ ያደገ ሕዋስ ሲነጻጸሩ

ባሕር ዳር ላይ የቃጠሎ ነገር ሲነሣ ሁለት ጥያቄ አይጠፋም። የታማሚ ቤተሰብ «ውጭ አገር ቆዳ በላቦራቶሪ ያበቅላሉ ይባላል፤ እዚህስ አይሆንም?» ይላል። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ደግሞ «ጣና ዳር ተገፎ የሚጣለው የቆሮሶ ዓሣ ቆዳ ለቁስል ይሆናል አሉ፤ ለምን አንሠራውም?» ይላል። ሁለቱም ደህና ጥያቄዎች ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይዘላሉ። ቁስሉ ላይ የሚደረገው ነገር ምን እንዲሠራ ነው የሚፈለገው?

ቆዳን የሚተካ ነገር ከሦስት ሥራዎች ቢያንስ አንዱን ይሠራል። ክዳን ሊሆን ይችላል፤ የገላ ውኃ እንዳይተን፣ ጀርም እንዳይገባ፣ የተገለጠው ነርቭ እንዳይቆጣ ይከልላል። ማገር ሊሆን ይችላል፤ የጭቃ ቤት ማገር ምርጊቱን እንደሚይዝ ሁሉ የታማሚው የራሱ ሕዋስና ደም ሥር ገብቶ እንዲሰፍርበት ቦታ ይሰጣል፤ በሙያው ስካፎልድ የሚባለው ይኸው ነው። ወይም ዘር ይሆናል፤ የላይኛውን ቆዳ የሚሠሩትን ሕያው ሕዋሳት ይዞ ይመጣል። ገንዘብና ጊዜ በብዛት የሚባክነው ዘር ለሚፈልግ ቁስል ክዳን ሲደረግለት ነው።

መጀመሪያ ጥልቀቱ

ውኃ የቋጠረው ሽፋን ሲነሣ ሥሩ ሮዝና እርጥብ ከሆነ፣ ሲጫኑት ነጥቶ ወዲያው ከተመለሰ፣ ሲነኩትም ካስጮኸ የፀጉር ሥሮቹ አልሞቱም። ዘሩ እዚያው አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቁስል ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ራሱን ይሸፍናል፤ የሚጎድለው ክዳን ብቻ ነው። ቀለሙ ዝንጉርጉር ሆኖ ሲጫኑት ቀስ ብሎ የሚመለስ፣ ሕመሙም የደነዘዘ ከሆነ ግን ጠልቋል። ነጭ ወይም ቡናማ ሆኖ እንደ ቁርበት የጠነከረና በመርፌ ቢወጉት የማይሰማ ከሆነ ዘሩ አልቋል፤ ከጠርዙ ካልሆነ በቀር ከራሱ የሚበቅል ነገር የለም።

በጥቁር ቆዳ ላይ ይህን ከላይ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። የሞተው ጥቁር ሽፋን ታጥቦ ካልተነሣ የሥሩ ቀለም አይታይም። ቃጠሎ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን እንደታየ አይቀርም፤ እስከ 72 ሰዓት ድረስ ሊጠልቅ ስለሚችል በሦስተኛው ቀን እንደገና ይታይ። ሊጥ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም ቡና ተለጥፎበት የመጣ ቁስል እስኪጸዳ ድረስ ማንም ጥልቀቱን ሊናገር አይችልም። ቤት ውስጥ የሚረዳው ቀዝቃዛ ወራጅ ውኃ ነው፤ 20 ደቂቃ ሙሉ፣ ከተቃጠለ በ3 ሰዓት ውስጥ። በረዶ አይደረግም።

መስመሩ ሦስት ሳምንት ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ የማይሸፈን ቁስል ጠባሳው እያበጠና እየጎተተ ስለሚሄድ ዘር መፈለግ ያለበት ያ ጊዜ ሳያልፍ ነው። ስፋቱን ለመገመት የታማሚው መዳፍ ከነጣቶቹ የገላው 1 በመቶ ያህል ነው። የልጅ ቁስል በልጁ መዳፍ እንጂ በሐኪሙ መዳፍ አይለካም፤ ይህ ስሕተት አሁንም ብዙ ካርድ ላይ ይታያል።

የራስ ቆዳ፦ ሦስቱንም የሚሠራ

ከጭን ወይም ከመቀመጫ በስሱ ተገፎ የሚወሰድ ቆዳ ክዳንም፣ ትንሽ ማገርም፣ ዘርም ነው። እንደ ባዕድ ተቆጥሮ አይጣልም። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ከ0.2 በታች ሲሆን በቀላሉ ይይዛል፤ ኋላ ግን ይሰበሰባል። ሲወፍር በተቃራኒው ነው፤ ለመያዝ ይከብደዋል፣ የተወሰደበት ቦታም ይዘገያል። ለፊትና ለእጅ ሳይበሳ ሙሉውን መለጠፍ ይመረጣል፤ ለሌላው ገላ ሜሽር በሚባል መብሻ መሣሪያ ተበስቶ እንደ መረብ ይዘረጋል።

ሒሳቡን አንድ ጊዜ ጨክኖ መሥራት ይጠቅማል። 60 ኪሎ ገደማ የሚመዝን አዋቂ የገላው ስፋት 1.7 ካሬ ሜትር ያህል ነው። 20 በመቶው በጥልቀት ቢቃጠል 3,400 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሜሽሩ ላይ 1 ለ 3 የሚል ተጽፎ ስላለ 1,130 ይበቃል ማለት ግን አይደለም። የተዘረጋ ቆዳ ይሸበሸባል፣ ጠርዙም ይደራረባል፤ በተግባር የሚገኘው ከተጻፈው በጣም ያንሳል። 1 ለ 2 ብሎ አስቦ 1,700 ካሬ ሴንቲ ሜትር ማዘጋጀት ይሻላል፤ ይህም የአንድ ጭን ዙሪያውን ሙሉ ማለት ነው። የሞተውን ቆዳ ፍቆ ማንሣትም ደም አለው፤ በየካሬ ሴንቲ ሜትሩ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሊትር ይገመታል። 3,400ው በአንድ ቀን ከተፋቀ ከ1.7 እስከ 3.4 ሊትር ይፈስሳል። የዚህ ሰው ጠቅላላ ደም ደግሞ 4.2 ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሥራው ይከፈላል፤ በአድሬናሊን የተቀላቀለ ሳላይን (የጨው ውኃ) ከሥር ይወጋል፣ እጅና እግር ላይ ደም የሚያቆም ማሰሪያ (ቱርኒኬት) ይታሰራል፣ ደም አስቀድሞ ይዘጋጃል። የሞተውን ቆዳ ቀድሞ በስሱ ፍቆ ወዲያው የመሸፈንን ዘዴ ዞራ ያንዜኮቪች በዛሬዋ ስሎቬንያ፣ ማሪቦር ላይ ሠርታ እ.ኤ.አ. በ1970 አሳትማዋለች፤ እስከ ዛሬ የሚሠራበት እርሱ ነው።

የተለጠፈ ቆዳ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ደም ሥር የለውም፤ ከሥሩ ያለውን ፈሳሽ እየመጠጠ ይቆያል። ከዚያ የሥርና የላይ ደም ሥሮች ይገናኛሉ፤ ከ5ኛው እስከ 7ኛው ቀን ደም በደንብ ይዘዋወርበታል። የሚበላሽበት ምክንያትም ከዚሁ ይመነጫል። ከሥሩ ደም ከተጠራቀመ መምጠጥ አይችልም። ከተንሸራተተ የተያያዘው ደም ሥር ይበጠሳል። ስትሬፕቶኮከስ ካለ ማጣበቂያውን ፋይብሪን ስለሚያሟሟው ቆዳው በአንድ ሌሊት ይነሣል፤ ይህ ጀርም የተገኘበት ቁስል እስኪጸዳ አይለጠፍበትም። ፋሻው ያለ ሽታ፣ ያለ ትኩሳትና ያለ መግል ከሆነ እስከ 5ኛው ቀን ባይከፈት ጥሩ ነው። በሦስተኛው ቀን «እስኪ እንየው» ብሎ ደርቆ የተጣበቀ ጎዝ መንጠቅ ደህና የያዘ ቆዳን ያነሣል።

እንግዴ ልጅ ወይስ ቆሮሶ?

እዚህ ላይ ነው የባሕር ዳር ሰው ምርጫ ያለው፤ ሁለቱም ከቅርብ ይገኛሉና። ሁለቱም ግን ክዳን ናቸው። ጥልቀት የሌለውን ቃጠሎ እስኪድን ይሸፍናሉ፤ ጥልቁን ደግሞ የራስ ቆዳ እስኪዘጋጅ ያቆዩታል። ከዚያ በላይ አይጠበቅባቸው።

የሽርት ውኃው ከረጢት ውስጠኛ ሽፋን፣ ማለትም አምኒዮን፣ ደም ሥርም ነርቭም የሌለው ስስ ነገር ነው። ለቁስል መሸፈኛ ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። ሕመም ይቀንሳል፣ ከቁስሉ ቅርጽ ጋር ይገጥማል፣ እንደ ባዕድ የመቆጠር ዕድሉም አነስተኛ ነው። የአንድ ዓመት ልጅ የገላው ስፋት 0.45 ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ 10 በመቶ ቃጠሎ 450 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከአንድ እንግዴ ልጅ የሚወጣው ሽፋን ለዚህ ይበቃል።

የሚወሰደው በቀጠሮ በኦፕራሲዮን ከወለደች፣ ውኃው ቀድሞ ካልፈሰሰባትና ፈቃዷን ከሰጠች እናት ነው። ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ቂጥኝ ይመረመራሉ። ሽፋኑ ከውጨኛው ወፍራም ሽፋን በጣት ቀስ ብሎ ይለያል፤ ደም እስኪጠፋ በንጹሕ ሳላይን ይታጠባል፤ ከዚያ በ85 በመቶ ግሊሰሪን ውስጥ በ4 ዲግሪ ይቀመጣል። ግሊሰሪኑ በማግስቱ ይቀየራል፤ የመጀመሪያው ከሽፋኑ ውኃ ስለሚስብ ይቀጥናል። ግሊሰሪን ባክቴሪያን በሳምንታት ያደክማል እንጂ የቫይረስ ምርመራን አይተካም። ጥንቁቅ ባንኮች እናቲቱን ከ6 ወር በኋላ ደግመው የሚመረምሩት ለዚህ ነው፤ በመጀመሪያው ምርመራ ያልታየ በሽታ ያን ጊዜ ይወጣል። ሲለጠፍ ጎኑን መለየት ያስፈልጋል፤ በደረቅ ጥጥ ሲነኩት ክር እየጎተተ የሚጣበቀው ጎን ወደ ቁስሉ ይሆናል። በላዩ የቫዝሊን ጎዝ ካልተደረገበት ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ልጁ ሲገለባበጥም ተጠቅልሎ ይነሣል። ትልቁ ድክመቱ ስስነቱ ነው።

ቆሮሶ ተራ በተራ ቢወዳደር በጥንካሬ ያሸንፋል። የብራዚል ሐኪሞች ፎርታሌዛ ላይ ከ2016 አካባቢ ጀምሮ በሰው ላይ የሞከሩት ይኸው የናይል ቲላፒያ ነው፤ ከእኛው ቆሮሶ ጋር አንድ ዝርያ። ቆዳው ኮላጅን፣ ማለትም ቆዳን የሚያጠነክረው ፕሮቲን፣ የበዛበት ነው፤ ሲጎትቱት አይቀደድም፤ ቁስሉ ላይ ተጣብቆ እስከ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ስለሚቆይ በየቀኑ ፋሻ መቀየር ይቀራል። በየቀኑ ክሬም እየተቀባ ፋሻ የሚፈታበትን ታማሚ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

የሞቃት ውኃ ዓሣ መሆኑ ሌላው ጥቅሙ ነው። ኮላጅን ተሟሙቶ ሲለካ፣ የቀዝቃዛ ባሕሩ የኮድ ዓሣ በ15 ዲግሪ አካባቢ ቅርጹን ያጣል፤ የቲላፒያው እስከ 35 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል፤ የከብት ወደ 40 ይጠጋል። ሙሉው ቆዳ ከተሟሟው የበለጠ ይችላል። ቢሆንም በግንቦት ፀሐይ መኪና ውስጥ የተረሳ የቆሮሶ ቆዳ ቀስ በቀስ ሙጫ ይሆናል።

አሁን ማስጠንቀቂያው። ከታንኳ ላይ የተገዛ ዓሣ ቆዳ ታጥቦ ቁስል ላይ አይደረግም፤ በሎሚም፣ በጨውም፣ በአረቄም ቢታሸ። በጨዋማ ባልሆነ ውኃ ኤሮሞናስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ በተገለጠ ቁስል ሥጋ የሚያበሰብስ ኢንፌክሽን ያመጣል። በብራዚሉ አሠራር ቅርፊቱና ሥጋው ሙልጭ ተደርጎ ይጠረጋል፤ በ2 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ይዘፈዘፋል፤ መጠኑ እየጨመረ በሚሄድ ግሊሰሪን ያልፋል፤ ታሽጎ 25 ኪሎግሬይ የጋማ ጨረር ይመታል፤ ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል። ሲፈለግ በሳላይን ይታጠባል። ጨረሩ ከሌለ ሰንሰለቱ የለም። በእንፋሎት ላምክን የሚል ካለ መልሱ አጭር ነው፦ ሾርባ ይሆናል።

መጠኑም ይታሰብ። የአንድ መካከለኛ ቆሮሶ ጎን 10 በ5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁራጭ ቢሰጥ፣ ለዚያው 450 ካሬ ሴንቲ ሜትር ከነመደራረቡ 12 ቁራጭ ያስፈልጋል። ጣቶች መካከል፣ ፊትና ብሽሽት ላይ ቆሮሶው ይደነድናል፤ እዚያ አምኒዮን ይሻላል። ጀርባ፣ ደረት፣ ጭን ላይ ቆሮሶ ይሻላል። ዛሬ ከሁለቱ አንዱን ጀምሩ ቢባል ግን አምኒዮኑ ይቀድማል፤ የሚጠይቀው ላቦራቶሪ ምርመራ፣ ግሊሰሪንና ፍሪጅ ነው።

የአሳማ ቆዳ በሌላው ዓለም የተለመደ ክዳን ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በማይነካው አገር ግን ስለ እርሱ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። ዓሣ ግን ችግር የለበትም። በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ለቁስል አይመለከትም። የሟች ሰው ቆዳ ከክዳኖች ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ደም ሥር እንኳ ይገባበታል፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ግን ገላው ይጥለዋል። ፈቃድ፣ ምርመራና ቅዝቃዜ የሚያስተዳድር ባንክ ስለሚፈልግ የአንድ ሆስፒታል ሥራ አይደለም።

ክዳኖቹ ሌላም ቦታ ያገለግላሉ። የራስ ቆዳ 1 ለ 6 እና ከዚያ በላይ ሲዘረጋ የመረቡ ቀዳዳዎች ይደርቃሉ፤ በላዩ አምኒዮን ወይም የሟች ቆዳ ሲደረብ ዘሩ ከሥር እየተስፋፋ ይገናኛል።

ማገር፦ ደርሚስን መልሶ ማቆም

ቆዳው ከነደርሚሱ፣ ማለትም ከነውስጠኛው ወፍራም ንብርብሩ፣ እስከ ስቡ ከነደደ ስስ የራስ ቆዳ ብቻ መለጠፍ መገጣጠሚያ ላይ ያጠብቃል። ማገር የተፈለሰፈው ለዚህ ነው። ሐኪሙ ጆን በርክና መሐንዲሱ ዮአኒስ ያናስ የሠሩት፣ ኋላ ኢንቴግራ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው፣ ከከብት ኮላጅንና ከሻርክ ኮንድሮይቲን የተሠራ ስፖንጅ ነው፤ በላዩ የሲሊኮን ክዳን አለው። በሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ውስጥ ደም ሥር ይገባበታል፤ ከዚያ ሲሊኮኑ ይነሣና በጣም ስስ የራስ ቆዳ ይለጠፋል። ሁለት ኦፕራሲዮን ማለት ነው። ዋናው ጠላቱ ከሲሊኮኑ ሥር የሚቋጥር ፈሳሽና መግል ነው፤ ለሳምንታት ሕይወት የሌለው ስፖንጅ ስለሆነ መከላከል አይችልም። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ካልተፋቀ፣ በየቀኑ የሚያየው ሰውም ከሌለ ውዱ ማገር በአንድ ሳምንት ይጣላል። ለአንገት፣ ለብብት፣ ለክርን፣ ለተጋለጠ ጅማት ይታሰብበት፤ ለሰፊ ጀርባ አይደለም።

ዘር ማሳደግ

ሃዋርድ ግሪንና ጄምስ ራይንዋልድ እ.ኤ.አ. በ1975 የሰውን የቆዳ ሕዋስ በአይጥ ሕዋስ ድጋፍ በሳሕን ላይ ማባዛት እንደሚቻል አሳዩ። ከትንሽ ቁራጭ በሦስት ሳምንት ገደማ ሙሉ ገላ የሚሸፍን ይገኛል። ቤተሰብ የሚሰማው ወሬ ይህ ነው፤ እውነትም ነው። የሚደርሰው ነገር ግን ከ2 እስከ 8 ሕዋስ የሚደራረብበት፣ ከሲጋራ ወረቀት የሳሳ አንሶላ ነው። ማገር የለውም። ከሥሩ ደርሚስ ከሌለ በትንሽ ፍትጊያ ውኃ ይቋጥራል፤ ጀርም ያለበት ቁስል ላይ ይቀልጣል። ሦስቱን ሳምንት ታማሚውን በሕይወት ያቆየው ደግሞ ክዳኑ ነው። ከገላው ከግማሽ በላይ የነደደ፣ የሚገፈፍ ቆዳ ያጣ ሰው ካልሆነ አይታሰብም።

የሚረጨው ዘዴ ቀለል ይላል። ከ1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ሕዋሳቱ በኢንዛይም ተለይተው በግማሽ ሰዓት ውስጥ እስከ 80 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይረጫሉ። ላቦራቶሪ አይፈልግም፤ ዕቃው ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ነው። ጥልቅ ቁስል ላይ ለብቻው አይበቃም፤ ከተዘረጋ የራስ ቆዳ ጋር ይደረጋል።

ላቦራቶሪ ውስጥ ለሚሠራ

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የውጭ ፕሮቶኮል እንዳለ ሲገለበጥ የሚስተው በዚህ ነው። ኦቶክሌቭ፣ ማለትም በእንፋሎት የሚያመክነው ማሽን፣ 121 ዲግሪ ለመድረስ በባሕር ጠለል 15 ፒ ኤስ አይ ግፊት ይበቃዋል፤ እዚህ ወደ 18 ይጠጋል። ጌጁ 15 ላይ ሲቆም ውስጡ 118 ገደማ ብቻ ነው። የሕዋስ ኢንኩቤተርም እንዲሁ፤ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚህ የሚሰጠው ግፊት ከባሕር ጠለሉ ያነሰ ስለሆነ ሕዋሱ የሚያድግበት ፈሳሽ ምግብ ወደ አልካሊ ያዘነብላል፣ ቀለሙም ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። 6 በመቶ አካባቢ አድርጎ በፒኤች መለኪያ ማረጋገጥ ነው።

በኤሌክትሮስፒኒንግ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ኃይል ስስ ክር በማውጣት፣ ማገር ለመሥራት ፖሊካፕሮላክቶን የሚባለው ፕላስቲክ ጥሩ መነሻ ነው፤ ከ10 እስከ 12 በመቶ ውህድ፣ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ቮልት፣ 15 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በሰዓት 1 ሚሊ ሊትር። በክረምት እርጥበት ክሩ ይበላሻል፤ የክፍሉ እርጥበት ይመዝገብ። ክሩ ሲቀጥን ፎቶው ያምራል፤ ቀዳዳው ግን ስለሚጠብ ሕዋሱ ላዩ ላይ ይቀራል እንጂ አይገባም። ፖሊካፕሮላክቶን በ60 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ኦቶክሌቭ ውስጥ አይገባም። የካይቶሳን ስፖንጅ፣ 2 በመቶው በ1 በመቶ አሴቲክ አሲድ ተሟሙቶ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ቀስ ብሎ የቀዘቀዘና በቅዝቃዜ የደረቀ፣ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ይሰጣል፤ አሲዱ በአልካሊ ካልታጠበ ግን ሕዋሱን ይገድላል።

የመመረቂያ ሥራ ለሚፈልግ አንድ ሐሳብ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃጨርቅ ትምህርት አለው፤ ከተማዋ ደግሞ ስፌት አታጣም። የተለጠፈ ቆዳ ከያዘ በኋላ ጠባሳው እንዳያብጥ ከ15 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚጨምቅ የላስቲክ ልብስ በቀን 23 ሰዓት፣ ብዙውን ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ይለበሳል። ላስቲኩ በሁለት ሦስት ወር ስለሚላላ ይቀየራል፤ ልጅ ሲያድግም እንደገና ይለካል። ለእያንዳንዱ ታማሚ በልክ የሚሰፋ፣ ግፊቱ በመለኪያ የተረጋገጠ፣ በባሕር ዳር ሙቀት ላብ የማያጠራቅም ጓንትና እጅጌ ከማንኛውም ማገር ቀድሞ ሊደርስ ይችላል።